ጠይባ እሺ ካለች

ጠይባ ሶፋ ስትሸጥ ስለ ሶፋ አታወራም። መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ቤቱ ነው። ሊፍቱ ትልቅ ዕቃ ያስገባል? መስኮቱ በየት በኩል ነው? እንግዳ ይበዛባችኋል? ልጆቹስ መዝለል ይወዳሉ? ደንበኛው እየመለሰላት እሷም እየሰማች ቀስ ብላ ትራመዳለች፤ ወሬው ሳያልቅ ለዚያ ቤት የሚሆነው ዕቃ ፊት አድርሳዋለች። ያን ጊዜ "እስቲ አረፍ በሉበት" ትላለች። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ሰው ሳይገዛ አይነሳም።

መደብሩ ቶሮንቶ፣ ዌስተን የሚባለው ሰፈር ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ድሮ የመኪና ጎማ ይሸጥበት የነበረ ሰፊ አዳራሽ። ከአውሮፕላን ወርዶ የመጀመሪያ አፓርታማውን የተከራየ፣ አዲስ ያገባ፣ የተፋታም ሁሉ ፍራሽና ጠረጴዛ ፍለጋ እዚያ ይመጣል። ጠይባ የደሴ ልጅ ናት። ጅዳ ብዙ ዓመት ሠርታ አረብኛውን አቀላጥፋዋለች፤ እንግሊዝኛውን ግን ቶሮንቶ ላይ ቆማ ስትሸጥ ነው የተማረችው። ቆማ መባሉ ለአባባል አይደለም። ሻጭ ዕቃው ላይ አይቀመጥም የሚል ደንብ ስላለ፣ ሶፋ በሞላበት አዳራሽ ውስጥ እግራቸው እስኪዝል ቆመው ይውላሉ።

ቋሚ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፤ የሸጠ ኮሚሽኑን ይወስዳል። ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ በተለይ በረዶው ሰዉን ቤት ሲያስቀምጠው፣ መደብሩ ለሻጮቹ "ቅድሚያ" የሚሉትን ገንዘብ ይሰጣቸዋል። ሲሰጥ ደመወዝ ይመስላል፤ ገበያው ሲመለስ ግን ከሚሸጡት ላይ እየቀነሰ ይወስደዋል። ጠይባ ይህን ቅድሚያ ወስዳ አታውቅም ማለት ይቻላል። አፍ አውጥታ ባትናገረውም ትኮራበት ነበር።

ከእሷ ሌላ እዚያ የሚሠሩ ሀበሻ ጋሼ ፀጋዘአብ ነበሩ። ስድሳውን ያለፉ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ፍራሽ ክፍል ውስጥ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። የግራ ጉልበታቸው ያብጣል፤ ማንም ሳያያቸው ግድግዳ ይደገፋሉ። ባለቤታቸው ወገባቸውን ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ወዲህ ሥራ ስላቆሙ ኢስት ዮርክ ያለው ቤታቸው የቆመው በእሳቸው ላይ ነው። ከጠይባ ጋር ምሳ አብረው ነበር የሚበሉት። በሁዳዴ እሷ የጾም ሠርታ ታመጣላቸዋለች፤ በረመዳን ደግሞ እሳቸው "እኔም አልራበኝም" እያሉ ምሳቸውን መኪና ውስጥ ደብቀው ይበላሉ።

ናኦሚ የመጣችው በጸደይ ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጣው የአካባቢው ኃላፊ ግሌን፣ አንዲት ጠይም ረጅም ልጅ አስከትሎ ገባና "ጠይባ፣ ሥራውን አንቺ አስተምሪልኝ" አላት።

ልጅቷ እጇን ዘረጋችና በአማርኛ "እርስዎ ጠይባ ነሽ?" አለች።

ጠይባ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። "አንቺ በይኝ ልጄ፣ አትቸገሪ።"

ናኦሚ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ቢዝነስ ተምራ የተመረቀች ናት። እናቷ ሥርጉት በማግስቱ ስልክ ደወለችላት። በአካል ተያይተው አያውቁም። "ሀበሻ አለች ስትለኝ ልቤ አረፈ" አለች ሥርጉት። "እኔ እንደሆንኩ የቢሮ ነገር አላውቅም፤ የሆስፒታል ወለል ስወለውል ነው የኖርኩት። እባክሽ እህቴ፣ ልጄን አደራ።"

ጠይባ አደራውን ተቀበለች። ደንበኛ ሲገባ ሮጦ እንደማይያዝ፣ ባልና ሚስት ሲመጡ ዋጋውን ማን፣ ቀለሙን ማን እንደሚወስን፣ "አስቤበት እመለሳለሁ" የሚለው ሰው መቼ እውነቱን እንደሆነ አሳየቻት። የራሷን ደንበኞች ሳይቀር ቆርሳ ሰጠቻት። ናኦሚ ፈጣን ነበረች፤ ትስቃለች፣ ታመሰግናለች፣ ከምሳቸውም ትካፈላለች።

በበጋው መጨረሻ የመደብሩ ማኔጀር ለቆ ሄደ። ለሚቀጥሉት ሳምንታት ቁልፉን ይዛ መደብሩን የምትከፍተውና የምትዘጋው ጠይባ ስለነበረች ቦታው የእሷ መስሏት ነበር። የመሰለው ለእሷ ብቻም አይደለም፤ ጋሼ ፀጋዘአብ "አለቃችን" እያሉ መቀለድ ጀምረው ነበር። ግሌን መጥቶ ቢሮ አስገባትና ብርቱ ሠራተኛ መሆኗን፣ መደብሩ ያለ እሷ እንደማይሆን፣ ደንበኞች እሷን ብለው እንደሚመጡ ሁሉ ነገራት። ከዚያ "አንቺን ከደንበኛ ካራቅሁሽ ማን ይሸጥልኛል?" አለና ማኔጀሯ ናኦሚ መሆኗን አረዳት።

ጠይባ "መልካም" ብላ ወጣች። ያን ቀን ሁለት የመኝታ ቤት ዕቃ ሸጠች። ማታ ለባሏ ለመሐመድአወል ነገረችው። እሱ የኤርፖርት ታክሲ ነው የሚሠራው፤ ነገር አያበዛም። "በሬው ጥሩ ያርሳል ብለው ከቀንበሩ አይፈቱትም" አላት።

ናኦሚም ተሸማቃለች። ብቻቸውን ሲሆኑ "ለግሌን መሆን ያለባት እሷ ናት ብዬዋለሁ፣ እምልልሻለሁ" አለቻት። ጠይባ አመነቻት። ልጅ ናት፤ የተሰጣትን እምቢ በይ አይባልም። ለሥርጉትም ራሷ ደውላ "እንኳን ደስ ያለሽ" አለቻት።

በዚያው ሰሞን ጠይባ ትልቅ ሽያጭ ያዘች። አቶ ገረመው የሚባሉ ሰው ለአረጋውያን መኖሪያ የሚሆን ቤት ኢስት ዮርክ ውስጥ ሊከፍቱ ነበር። አልጋው፣ ፍራሹ፣ የእንግዳ መቀበያው ወንበር፣ የምግብ ቤቱ ጠረጴዛ፣ ሁሉም አዲስ ይገዛል። ሰውየውን ያገኘቻቸው በሰው በሰው ነው። በእረፍት ቀኗ ሜትር ይዛ ሄዳ ክፍሎቹን ለክታለች፤ አሮጊት ተነስታ መቆም የምትችልበትን የወንበር ቁመት በራሷ ላይ ሞክራ መርጣለች፤ ሌላ መደብር ዋጋ ሰብሮ ሊወስድባት ሲል ደግሞ ማልዳ ደጃቸው ቆማለች። በመጨረሻ አቶ ገረመው "በቃ፣ አንቺ ያልሽው ይሁን" ብለው ቀብድ ከፈሉ። አብዛኛው ዕቃ በመርከብ የሚመጣ ስለሆነ ወራት ይፈጃል። በነበረው ደንብ ግን ኮሚሽኑ የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈረም፣ በሚቀጥለው ክፍያ ነው። ጠይባ በዚያ ኮሚሽን የልጇን የሰልዋን የኮሌጅ ክፍያ አስባ ነበር።

ክፍያው ሳይደርስ ናኦሚ ቢሮ ጠራቻትና በሩን ዘጋች።

"ጠይባዬ፣ አንድ ነገር አለ" አለች። ፊቷ ልክ አልነበረም። "የክፍያው ደንብ ሊቀየር ነው። ከአሁን በኋላ ኮሚሽን የሚከፈለው ዕቃው ደንበኛው ቤት ሲገባ ነው። ደንበኛው ከመለሰ ደግሞ ይቆረጣል።"

"ዕቃው ለመምጣት ወራት ይፈጃል እኮ። እስከዚያ ምን ይበላል?"

"ቅድሚያው አለ።"

"እሱማ ብድር ነው።"

ናኦሚ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ አሽከረከረች። "ነገ ስብሰባ አለ። ግሌን ይመጣል። ሁሉም የሚያዩት ያንቺን ፊት ነው። ግሌን ራሱ ምን አለኝ መሰለሽ? 'ጠይባ እሺ ካለች ሁሉም እሺ ይላሉ' አለኝ።"

ጠይባ ቦታውን ከነፈጓት ወዲህ ስሟ ክብደት እንዳለው ሲነገራት የመጀመሪያዋ ነበር። ደስ ሊያሰኛት የማይገባ ነገር መሆኑን እያወቀች ደስ አላት።

"እሺ ካላልኩስ?"

"እሺ ካላልሽ እኔ ነኝ የምጠፋው። ሰው ማሳመን አትችልም ይሉኛል። ገና መጀመሬ ነው።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "የአቶ ገረመው ሽያጭ በድሮው ደንብ ይከፈልሻል" አለች። "አዲሱ አይነካውም። አይ ፕሮሚስ፣ ቃሌ ነው። ትንሽ ሊዘገይ ይችላል እንጂ የአንቺ ነው። ለሌሎቹ ግን አትንገሪ፤ ሁሉም የእኔም ይለይልኝ ይላል።"

ማታ መሐመድአወል ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ "በኢሜይል ላኪልኝ በያት" አለ።

"ምን ነካህ፣ ልጅ እኮ ናት። የሀበሻ ልጅ።"

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ።"

"እናቷ አደራ ብላኛለች።"

"አደራ ያለችው እሷን ላንቺ ነው እንጂ አንቺን ለእሷ አይደለም" አለና ሻዩን ጨልጦ ወደ ሥራው ወጣ።

ጠይባ ኢሜይል አላስላከችም። አፈረች።

ስብሰባው ጠዋት መደብሩ ሳይከፈት ነበር። ግሌን ቡናና ዶናት ይዞ መጣ። አዲሱ ደንብ ለኩባንያው ጤና፣ የኩባንያው ጤና ደግሞ ለሠራተኛው እንደሆነ አስረዳ። ሻጮቹ በክብ ቆመዋል። ጋሼ ፀጋዘአብ ጉልበታቸውን እየዳበሱ ወደ ጠይባ ዘወር አሉና በአማርኛ ቀስ ብለው "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው" አሉ። ቀጥለውም "አንቺ ምን ትያለሽ?" ብለው ጠየቋት።

ሌሎቹም አማርኛውን ባይሰሙም ዓይናቸው እሷ ላይ ነበር። ናኦሚ ወለሉን ታያለች።

"እኔ ይስማማኛል" አለች ጠይባ፣ ሁሉም እንዲሰማው በእንግሊዝኛ። ለጋሼ ፀጋዘአብ ደግሞ በአማርኛ "ምንም አይደል ጋሼ፣ ይለመዳል" አለቻቸው።

ትንሽ አዩዋት። "አንቺ ካልሽ እንግዲህ" አሉና ፈረሙ። ሌሎቹም ፈረሙ። ግሌን ወደ መኪናው ሲሄድ የተረፈውን ዶናት ይዞ ሄደ።

ክረምቱ ገባ። በመርከብ የሚመጣው ዕቃ ዘገየ። የሸጡት ሁሉ በስማቸው ተመዝግቦ ተቀምጧል፤ የሚበላ ግን የለም። ሻጮቹ አንድ በአንድ ቅድሚያ መውሰድ ጀመሩ። ጠይባም ወሰደች፤ ግን የአቶ ገረመው ሽያጭ ከፊቷ ስላለ አልከበዳትም። ጋሼ ፀጋዘአብን ግን ነገሩ ጎዳቸው። አንድ ደንበኛ ውድ ፍራሽ ወስዶ ሲተኛበት ከርሞ መለሰ፤ ኮሚሽኑ ከእሳቸው ተቆረጠ። በላዩ ላይ ቅድሚያው ተጠራቀመ። በኋላማ የሚሠሩት ያለባቸውን ለመክፈል ብቻ ሆነ። ሸሚዛቸው እንደተተኮሰ ነው፤ ምሳ ይዘው መምጣት ግን ተዉ። ጠይባ ሰሃኗን ስታቀርብላቸው "በላሁ" ይላሉ።

"ኢንሻአላህ ይስተካከላል ጋሼ" ትላቸዋለች።

"እንግዲህ" ይላሉ።

እሷ ዓይናቸውን ማየት ትታለች። ማታ ማታ፣ ያኔ አንድ ቃል ብናገር ምን ነበረበት የሚል ሐሳብ ይመጣባታል፤ የአቶ ገረመው ገንዘብ ሲመጣ ለጋሼ አንድ ነገር አደርጋለሁ እያለች ታባርረዋለች።

ዕቃው ደረሰ። ጠይባ በእረፍቷ ቀን ኢስት ዮርክ ሄዳ አልጋዎቹ ሲገጣጠሙ አየች። አቶ ገረመው ወንበሮቹን አንድ በአንድ እየተቀመጡባቸው "እጅሽ ይባረክ" አሏት። ከዚያ የክፍያው ቀን መጣ። ስልኳ ላይ ከፍታ አየች። የሌላው ትንሽ ትንሹ ሽያጭ አለ፤ የአቶ ገረመው የለም። ከላይ እስከ ታች ደጋግማ አየችው። የለም።

ቅዳሜ ነው፤ መደብሩ በሰው ተሞልቷል። ናኦሚ ፍራሽ ክፍሉ አጠገብ ቆማ የዋጋ ወረቀት ትለጥፋለች። ጠይባ ሄዳ አጠገቧ ቆመች።

"ናኦሚ፣ የአቶ ገረመው የታለ?"

ናኦሚ ወረቀቱን ማስተካከሏን ሳትተው በእንግሊዝኛ መለሰችላት። ናኦሚ ከእሷ ጋር ስትቀልድ በአማርኛ፣ ስታዝን በአማርኛ ነበር፤ አሁን ግን ቃላቱ እንደ ቢሮ ደብዳቤ ተደርድረው ወጡ። የድርጅት ደንበኛ የሻጩ ሳይሆን የኩባንያው ነው ተብሏል፤ ሽያጩ በማንም ስም ሳይሆን በመደብሩ ስም ተመዝግቧል፤ ውሳኔው ከላይ የመጣ ነው፤ እሷ በጣም አዝናለች።

"በአማርኛ ንገሪኝ።"

"ጠይባዬ፣ እባክሽ፣ ሰው አለ።"

"በመደብሩ ስም ከሆነ ቦነሱ ለማኔጀር ነው። ለማን ነው የገባው?"

ናኦሚ አንገቷ ሥር ቀላ።

"ቃል ስትሰጪኝ ታውቂ ነበር?"

"አላውቅም ነበር። ወላጆቼ ይሙቱ። ስልሽ እውነቴን ነበር። በኋላ ግሌን እንዲህ ሲል..."

"ሲል ምን አልሽው? ቃል ገብቼላታለሁ አልሽው?"

ልጅቷ ወረቀቱን ማስተካከሏን ቀጠለች። ያኔ ነው ጠይባ የተቃጠለችው። ለወራት ያመቀችው ሁሉ አንድ ላይ ገንፍሎ መጣ። አጠገቧ ማን እንዳለ አላየችም።

"አዲሱ ደንብ ለሌሎቹ ነው እንጂ ላንቺ አይደለም አላልሽኝም?" ብላ ጮኸች። "ለእነሱ አትንገሪ፣ እሺ በይልኝ፣ የአንቺ በድሮው ይከፈላል አላልሽኝም? አስተምሬሽ! ደንበኞቼን ሰጥቼሽ!"

ደንበኞች ዞር ዞር አሉ። የተባለው አልገባቸውም። የገባቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ጋሼ ፀጋዘአብ ከፍራሾቹ መሃል፣ ለአንዲት ሴትዮ የሚያሳዩትን ትራስ በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆመዋል። ጠይባ አየቻቸው። ትራሱን ፍራሹ ላይ አስቀመጡት፤ መሃሉን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው አስተካከሉት።

"እንዲህ ነው እንዴ" አሉ። ለማንም አልነበረም። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረው በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቁና ስለ ትራሱ ማስረዳታቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጠይባ ምሳ ክፍል ስትገባ እሳቸው ይነሳሉ። ጠብ የለም፤ ሰላምታ አልነፈጓትም። ራሳቸውን ጎንበስ አድርገው ያልፋሉ። ነገሩን ለሌሎቹ ሻጮች ማን እንደነገራቸው አልታወቀም፤ እነሱም ፊታቸውን አዞሩባት። ድሮ "የጠይባ ደንበኛ ነው፣ ትምጣ" ይሉ የነበሩት አሁን ደንበኛዋን አይተው ዝም ይላሉ።

አንድ ቀን ጋሼን ዕቃ ማራገፊያው በር ላይ ብቻቸውን አገኘቻቸው።

"ጋሼ፣ እባክዎ ያናግሩኝ። ይቆጡኝ። ይስደቡኝ።"

"ምን ብዬ እሰድብሻለሁ?"

"እኔም እኮ ተታለልኩ።"

ጋሼ ፀጋዘአብ ውጭ ያለውን በረዶ እያዩ "አንቺን ያታለለችሽ ናኦሚ ናት" አሉ። "ግሌንም ይሁን ናኦሚ፣ እኔ ከእነሱ ምንም አልጠበቅሁም። ያን ቀን የጠየቅሁት አንቺን ነው። እኔን ያታለለኝ ማነው?"

መልሷን አልጠበቁም፤ በሩን ገፍተው ገቡ።

ብዙም ሳይቆዩ ለቀቁ። ግሌን የወሰዱት ቅድሚያ ከሽያጫቸው እንደሚበልጥ ነግሯቸው ነበር አሉ። ሸጠውት ገና ያልደረሰው ዕቃ ሁሉ ኮሚሽን እዚያው ቀረ። የሽኝት ኬክም አልተቆረሰም።

ጠይባም ከእሳቸው በኋላ አልቆየችም። ከመልቀቋ በፊት ፓርክዴል ውስጥ ሠራተኞችን በነፃ የሚያማክር የሕግ ቢሮ ሄዳ ጉዳዩን ነገረች። ወጣቷ ጠበቃ በትዕግሥት ሰማቻትና "ቃል ስትገባልሽ የሰማ አለ?" አለች።

"አልነበረም።"

"በኋላስ? ስትጠይቂያት ቃል መግባቷን ስታምን የሰማ?"

አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ጠይባ ስልኩን ለመደወል ሦስት ቀን ፈራች። በመጨረሻ ደወለችና እየተንተባተበች ነገረቻቸው። ጋሼ ፀጋዘአብ እስከ መጨረሻው ሰሟት።

"የሰማሁትን እናገራለሁ" አሉ። "ሁሉንም ነው የምናገረው ግን። የአንቺንም።"

"እሺ ጋሼ።"

መጡ። አውቶቡስ ቀይረው፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ የተተኮሰ ሸሚዛቸውን ለብሰው መጡ። ጠበቃዋ ፊት ተቀምጠው የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ፤ ናኦሚ ቃሏን አለመካዷን፣ ጠይባም ለብቻዋ ተነጋግራ በሰው ፊት እሺ ማለቷን። ጠይባ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጣ ነው የሰማችው። ሲጨርሱ ፈርመው ተነሱ። "እኔ ላድርስዎት፣ መሐመድአወል መኪና ይዞ ታች አለ" ብትላቸው "አውቶቡሱ ይሻለኛል" አሉ።

ኩባንያው መከራከር አልፈለገም። ጥፋት አለብኝ ሳይል፣ ነገሩን ለማንም እንዳታወራ አስፈርሞ፣ ከሚገባት ግማሽ ያህሉን ከፈላት። ጋሼ ፀጋዘአብንስ ብላ ጠይባ ጠበቃዋን ጠይቃ ነበር። የእሳቸው ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሳቸው ራሳቸው ከመጡ እንሞክራለን አለቻት። እሳቸው አልሄዱም።

ናኦሚ ሚሲሳጋ ወደሚገኝ ትልቅ ቅርንጫፍ ተዛወረች። ከዚያ ሆና አንድ ጊዜ በስልክ ጽሑፍ "ሶሪ ጠይባዬ፣ ሚስ አደርግሻለሁ" የሚል ላከች፣ ከልብ ምስል ጋር። ጠይባ አልመለሰችም። ሥርጉትም ደወለች። "ምን አጣላችሁ? ልጄ ስምሽ ሲነሳ ክፍሏ ትገባለች" አለች።

"ሥራ ነው" አለቻት ጠይባ። ሌላ መናገር አልቻለችም። አደራውን ማን እንደበላው ለእናት እንዴት ይነገራል?

ጠይባ አሁን የመጋረጃና የምንጣፍ ሱቅ ውስጥ በሰዓት እየተከፈላት ትሠራለች። ገንዘቡ ያንሳል፤ ግን የሠሩበት በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል። ከኩባንያው ያገኘችው ላይ የሰልዋን የኮሌጅ ክፍያ ከፈለች፤ ከቀረው እኩሌታውን ፖስታ ውስጥ አደረገች። መሐመድአወል አየና "ልውሰድሽ?" ብቻ አላት። ብቻዋን መሄድ ፈለገች።

የጋሼ ፀጋዘአብ አፓርታማ ኢስት ዮርክ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ራሳቸው ከፈቱላት። ቤት ውስጥ እንኳ ሸሚዛቸውን ለብሰው ነበር። ደህና መሆኗን፣ ባሏን፣ ሰልዋን አንድ በአንድ ጠየቁ። ግቢ ግን አላሏትም። በሩን በእጃቸው እንደያዙ ቆመዋል።

ጠይባ ፖስታውን አውጥታ በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው። "ጋሼ፣ ይኼ የእርስዎም ነው። እርስዎ ባይመጡ አላገኘውም ነበር።"

ፖስታውን አዩት። አልነኩትም።

"የመጣሁት ልከፈልበት አይደለም" አሉ። "እውነት ስለሆነ ነው የተናገርኩት። እውነት ባይሆን አልመጣም ነበር።"

"እባክዎ ጋሼ። ቅር ብሎዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ።"

"ይቅር ብያለሁ። ከለቀቅሁበት ቀን ጀምሮ ይቅር ብያለሁ።" ትንሽ አሰቡ። "ግን ገንዘቡን ከወሰድኩ ነገሩ ያለቀ ይመስልሻል። ለእኔ አላለቀም። ወደ ስልሳ ሰባት እየሄድኩ የመኪና ማቆሚያ እጠብቃለሁ፣ ማታ ማታ። ይኼን የምነግርሽ እንድታዝኚ አይደለም። ይቅርታ ስለጠየቅሽኝ ነው።"

ከውስጥ የባለቤታቸው ድምፅ ተሰማ። "ማነው ፀጋ? ግቡ በላቸው እንጂ፣ በር ላይ ታቆማለህ?"

ጋሼ ፀጋዘአብ አንገታቸውን ወደ ውስጥ መለስ አደረጉ። "አይገቡም፣ ቸኩለዋል" አሉ። ከዚያ ለጠይባ ራሳቸውን ጎንበስ አድርገው ሰላምታ ሰጧትና በሩን ቀስ አድርገው፣ ድምፅ እንዳያሰማ ይዘው ዘጉት።

ጠይባ ፖስታውን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። በሩ ሥር ልታሾልከው ጎንበስ አለች፤ ተወችው። ሊፍቱን ጠርታ ስትጠብቅ ከውስጥ ሴትየዋ "ማን ነበሩ?" ሲሉ ሰማች። የጋሼን መልስ ግን አልሰማችም። ሊፍቱ መጣና ገባች።